ከሙኽታር እስከ ስርጉት

ስርጉት የአባቷን ኮት ከምስማሩ አውርዳ ኪሱን ስትገለብጥ ጥሩአየሁ በመጋረጃው በኩል አየቻት። ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ከአብደራፊ የመጡት ለቀስተኞች ገና ደረት መምታቱን አልጨረሱም። አቶ ቢያድግልኝ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ኮታቸው አሁንም እሳቸውን እሳቸውን ይሸታል። ታናሽ እህቷ ግን የውጭ ኪሱን፣ የውስጥ ኪሱን፣ ገበሩ የተቀደደበትን ሳይቀር እየበረበረች ነው።

ጥሩአየሁ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች። «ምን ጠፋሽ?»

ስርጉት ክው አለች፤ ኮቱን ግን አልለቀቀችም። «የአባባን ቁጥር ነው፣ እታለም።»

«የምን ቁጥር? ስልካቸው እንደሆነ እምዬ ዘንድ ነው።»

«የአውሮፕላኑን። የአባልነት ቁጥራቸውን።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሰሊጥና ማሽላ ሲያመርቱ የኖሩ የገንዳ ውሃ ገበሬ የአየር መንገድ አባል ይሆናሉ ብሎ ማን አስቦ? ባለፈው ዓመት ግን ጨጓራቸው ላይ ያ ክፉ በሽታ ተገኘና ሕክምናው አዲስ አበባ ሆነ። የመኪናው መንገድ አላስተማምን ስላለ ከጎንደር በአየር መመላለስ ጀመሩ። አየር መንገዱ ደጋግሞ ለሚበር ደንበኛ ቁጥር ይሰጣል፤ የበረረው ርቀት በዚያ ቁጥር ላይ ማይል እየተባለ ይጠራቀማል፤ ሲበዛም ትኬት ይወጣዋል። «የሄድሁበትን ሰማይ እየለኩ ያስቀምጡልኛል» እያሉ ሽማግሌው ሻይ ቤት ሳይቀር ያወሩት ነበር።

«ለምን ፈለግሽው?» አለች ጥሩአየሁ።

«ለእምዬ። ዓይኗን አዲስ አበባ እናሳክምሽ ስላት እሺ አለችኝ። ትኬት ልቁረጥልሽ ስላት ግን አሻፈረኝ አለች። ‹እሱ ካጠራቀመው ከሆነ እቀመጥበታለሁ፤ ካልሆነ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም› ነው የምትለው። አየር መንገዱ ዘንድ ደወልሁ። ቁጥሩን አምጡና ለቤተሰብ የሚሆነውን እናያለን፣ በስም ብቻ አንነግርም አሉኝ።»

«ታዲያ አንቺ አታውቂውም? ሁልጊዜ አብረሽ አልነበርሽም?»

«ወረቀቱ ከስልኬ ጋር ባጃጅ ላይ ቀረ። እሳቸው በቃላቸው ይዘውት ስለነበር እኔ ልያዘው ብዬም አላውቅ።»

ጥሩአየሁ የሰማችው አንዱን ነገር ብቻ ነው። እናቷ ልትሄድ ነው። ከዚህ ቤት፣ ከእሷ እጅ፣ ወደ ስርጉት ቤት።

«እምዬንም ልትወስጃት ነዋ» አለች።

«ዓይኗን እስክትታከም ነው እንጂ...»

«አባባንም እስኪታከሙ ነበር።»

ኮቱን ከእህቷ እጅ ተቀብላ ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችውና ወደ ለቀስተኛው ወጣች።

ጥሩአየሁ አውሮፕላን ውስጡን አይታ አታውቅም። የእሷ ድርሻ እስከ ጎንደር ነበር። አባቷን ደግፋ ሚኒባስ ላይ ታወጣቸዋለች፣ መንገዱን ሁሉ ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ታስደግፋቸዋለች፣ ሲያቅለሸልሻቸው ፌስታል ትይዝላቸዋለች። አየር ማረፊያው በር ላይ ሲደርሱ ግን ትኬት የሌለው አይገባም ይባላል። እዚያ ስርጉት ከአዲስ አበባ መጥታ ትረከባቸዋለች። ልብሷ ንጹሕ፣ ሽቶዋ ደህና፣ እንቅልፏን የጠገበች።

አንድ ጊዜ በመስታወቱ በር አሻግራ ስታይ አባቷ ፍተሻው ላይ ጫማቸውን አውልቀው ነበር። ካለፉ በኋላ ስርጉት ተንበርክካ አጠለቀችላቸውና ክሩን አሰረችላቸው። አቶ ቢያድግልኝ እንዳይወድቁ እጃቸውን የልጃቸው ራስ ላይ አድርገው ቆሙ። ያንን ክር ያን ዕለት ጎህ ሳይቀድ ያሰረችው ጥሩአየሁ ነበረች። እሷ ስታስርላቸው ግን የተደገፉት የሚኒባሱን በር ነው። ወደ ገንዳ ውሃ ስትመለስ እያለቀሰች መጣች። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ለሕመምተኛው አባቷ መስሎት አይዞሽ አላት። ቅናት ነበር። እሷም ታውቀዋለች፤ አሳፍሯት ለባሏ ለደረበ እንኳ አልነገረችውም።

ሲመለሱም ወሬያቸው ስርጉት ነበረች። ስርጉት ሾርባ ገዛችልኝ፣ ስርጉት በመስኮቱ በኩል አስቀመጠችኝ፣ ስርጉት ዶክተሩን ተቆጣችልኝ። ጥሩአየሁ ገላቸውን እያጠበች፣ አንሶላቸውን እየቀየረች፣ ይህን ሁሉ ትሰማለች። የሰሊጡን እርሻ ካልጋ ከዋሉ ጀምሮ የምትመራው እሷ ናት፤ የቀን ሠራተኛ የምትቀጥረው፣ ትራክተር የምትለምነው እሷ ናት። ስለሱ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ሲያወሩ አልሰማችም።

ከሁሉ ያንገበገባት ደግሞ የጠዋቱ ነው። አባቷ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለችው ራኩባ፣ ከሣር ጥላዋ ሥር፣ ይቀመጡና ወደ መንደሩ እያዩ ስም ይጠራሉ። «ሙኽታር፣ ማሩ፣ አገኘሽ፣ አለነ፣ ውቢት፣ ጥሩአየሁ፣ ስርጉት።» ሁልጊዜ ያው ሰው፣ ሁልጊዜ በዚያው ተራ። መጀመሪያ መድኃኒቱ ራሳቸውን ያዞረው መስሏት ፈርታ ነበር። ኋላ ላይ ለጎረቤት የሚጸልዩ መሰላት። የእሷ ስም ከጎረቤት ጋር ተደባልቆ እልፍ ይላል። መጨረሻ ላይ ስርጉት ሲሉ ግን ድምፃቸው ይለሰልሳል። ልባቸው ያለው እዚያ ነው ብላ ደመደመች። ግቢውን እየጠረገች ያን ስም በሰማች ቁጥር መጥረጊያው እጇ ውስጥ ይከብዳት ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ የውሃ ጆግ ይዛ ለቀስተኛ ስታስተናግድ አንዲት የአብደራፊ ባልቴት እጇን ያዝ አደረጓት።

«ያቺ ናት አሉ ያስታመመቻቸው» አሉ በአገጫቸው ወደ ስርጉት እያመለከቱ። «በአውሮፕላን እያመላለሰች። አይ መታደል! እንዲህ ያለ ልጅ ይስጥ።»

«አሜን» አለች ጥሩአየሁ።

«አንቺስ ልጄ፣ ጎረቤታቸው ነሽ?»

ጥሩአየሁ ውሃውን ቀዳችላቸውና አለፈች። መልስ ብትሰጥ ጮኻ የምታለቅስ መሰላት፤ እስካሁን ደግሞ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሰው ሁሉ ጠንካራ ናት ይላል። ጥንካሬ አልነበረም። ስርጉትን እያየች ማልቀስ አልቻለችም።

ከሰዓት ለቀስተኛው ቀለል ሲል ስርጉት መጥታ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ለዕርቅ ነው የመጣችው፤ ያስታውቃል።

«ቁጥሩን እንዴት እንደያዙት ታውቂያለሽ?» አለች በሹክሹክታ። «ጎንደር ቢሮው ውስጥ ልጅቷ ወረቀት ስትሰጣቸው ‹ወረቀት ይጠፋል፣ አንብቢልኝ› አሏት። አንድ አንዱን ስትነግራቸው እሳቸው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ይፈልጉለታል። የዚህ ቤት ልጅ ስንት ነው፣ የዚያ ቤት ስንት ነው እያሉ። ልጅቷ ሳቀች። ‹ቁጥር ሰው ላይ ካልሰቀልሽው ይወድቅብሻል› አሏት።»

«እንደ ሂላው» አለች ጥሩአየሁ ሳታስበው።

ሂላ የታጨደው ሰሊጥ እንዲደርቅ እየታሰረ ቀጥ ተደርጎ የሚቆመው ክምር ነው። አቶ ቢያድግልኝ የየቡድኑን ሂላ በወረቀት ጽፈው አያውቁም። የቡድኑን መሪ ፊት አይተው፣ ቁጥሩን እሱ ላይ ሰቅለው፣ በሳምንቱ ሳይሳሳቱ ይጠሩታል። ወሎዬው ሠራተኛ ሊከራከር ሲሞክር እንኳ በሳቃቸው ያሸንፉታል።

«አዎ፣ እንደ ሂላው!» አለች ስርጉት። «ግን የማንን የማንን ቤት እንደያዙ አላስታውስም። እኔ እዚህ አልኖርም፣ የማን ልጅ ስንት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ትኬት ቢሮው ላይ ቁጥሩን ጮክ ብለው ነበር የሚናገሩት፣ ስሙን በሆዳቸው።»

ጥሩአየሁ አሁን ገባት። ስሙን እዚህ ነበር ጮክ ብለው የሚጠሩት። ራኩባዋ ሥር። ጸሎት አልነበረም፤ እንዳይጠፋባቸው ሲደግሙት ነው። ስርጉት የምትፈልገው ነገር ይኸው እሷ አፍ ውስጥ ነው፤ ሰባት ስም፣ በተራው።

ዝም አለች።

ዝምታው ጣፈጣት፤ መካድ አይቻልም። ለአንድ ዓመት ሙሉ ስርጉት የያዘችውን ስታይ ኖራለች። አሁን አባቷ የተዉት ነገር በእሷ እጅ ነው፣ ስርጉት ደግሞ ፈላጊ ናት። ይህን ነገር ካልሰጠች እናቷም አትሄድም። ስርጉት ብቻዋን መጣች፣ ብቻዋን ትመለሳለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለችና ተነሣች።

በማግስቱ ጠዋት እናቷን ፊታቸውን ልታሳጥባቸው ገባች። እማማ ሀብትነሽ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ዳሰሱ፤ ዓይናቸው ላይ ያለው ነጭ ነገር ከሐዘኑ ወዲህ የባሰበት ይመስላል።

«ስርጉት ነሽ?» አሉ።

ጥሩአየሁ ጣሳውን አስቀመጠች። ዕድሜዋን ሁሉ ያልተለየቻቸው እናቷ የማን እጅ እንደሆነ አላወቁም። ተናደደች፤ ከዚያ ደግሞ በንዴቷ አፈረች። እናቷ አልመረጡም፤ አላዩም፣ በቃ። ዓይናቸው ሊታከም ሲችል፣ ስሞቹን እያወቀች አፏን የዘጋችው እሷ ናት።

ፊታቸውን አጥባ ጨረሰችና ወጣች። ስርጉት ድንኳኑ ሥር አግዳሚ ወንበር እያስተካከለች ነበር። ጥሩአየሁ በደህና ቃል ልትነግራት አስባ ነበር የሄደችው፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሙኽታር፣ ማሩ፣ አገኘሽ፣ አለነ፣ ውቢት፣ ጥሩአየሁ፣ ስርጉት!» አለች ፊት ለፊቷ ቆማ። «ይኸው ቁጥርሽ! በየማለዳው ሲደግሙት እሰማ ነበር። የሚጨርሱት በአንቺ ነው። ድምፃቸውን አለስልሰው። እኔን ከጎረቤት ጋር አንድ ላይ ጠርተው፣ አንቺን ለብቻሽ መጨረሻ ላይ! ደስ ይበልሽ!»

ስርጉት ወንበሩን ለቀቀችው።

«እታለም» አለች፣ «እኔ እኮ ዜሮዋ ነኝ።»

«ምን?»

«ልጅቷ ‹ዜሮ› ስትላቸው ሰው አጡ። በሐሳባቸው መንደሩን ሁሉ ዞሩ፤ ልጅ የሌለው ቤት ፈለጉ። ከዚያ እኔን አዩኝና ወዲያው መሬት መሬት አዩ። አፍረው ነው ድምፃቸውን የሚያለሰልሱት። ትኬት ቢሮ በሄድን ቁጥር መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አያዩኝም።» ስርጉት ልጅ ባለመውለዷ ባሏ የተለያት ሴት ናት፤ በቤቱ ውስጥ ይህ ነገር ተነሥቶ አያውቅም። «እኔ ደግሞ አንቺን ነበር የምቀናው። ‹ጥሩአየሁ እርሻውን ያዘችው፣ ጥሩአየሁ ትራክተሩን አስመጣችው፣ የጥሩአየሁ ልጆች እንዲህ አሉ።› አውሮፕላን ውስጥ ሌላ ወሬ የላቸውም። አንድ ቀን ‹ስለሌላ ሰው አውሩኝ› ብያቸዋለሁ።»

የጥሩአየሁ ቅናት አልጠፋም፤ ግን የሚቆምበት መሬት አጣ። ሁለቱም አጠገብ ላጠገብ ተቀመጡ።

«የሙኽታር ሰባት ናቸው» አለች በመጨረሻ። «ማሩ ሁለት። አለነ ስምንት። ውቢት ያቺ አንዷ ብቻ ናት።»

«አገኘሽስ?»

አገኘሽ ሕፃኗን አዝላ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። «አገኘሽ፣ ልጆችሽ ስንት ሆኑ?» አለቻት ጥሩአየሁ።

አገኘሽ ቢላዋውን አቆመች። «ምነው በጤናሽ? በለቅሶ ቤት የሰው ልጅ ይቆጠራል?»

«ለክፉ አይደለም።»

«ለደግም አይቆጠርም! የእግዜር ናቸው በይ።» ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፈነቻት። ሙኽታር ነበር ነገሩን ያበረደው፤ ከሚስቱ ከዘሀቢያ ጋር ሻይ ይዞ መጥቶ ነበር። «አላህ ይጨምርልሽ፣ ከዚህች ጋር ስድስት ናቸው። ምንድን ነው ነገሩ?» ሲነገረው አንገቱን ነቀነቀ። «እኔን መጀመሪያ? ሽማግሌው!» አለና ፊቱን አዞረ።

ስርጉት አየር መንገዱ ዘንድ ደወለች። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና ሰላም ካለች በኋላ ቁጥሩን ጠየቀች።

«ሰባት፣ ሁለት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አንድ...» ስርጉት ጥሩአየሁን አየቻት።

«ሦስት» አለች ጥሩአየሁ።

«ሦስት፣ ዜሮ።»

«ይቅርታ፣ በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ደንበኛ የለንም።»

«ያቺ ሕፃን አምና አልተወለደችም» አለ ሙኽታር በእጁ ወደ አገኘሽ እያሳየ። እውነቱን ነው። ስርጉት ስድስቱን አምስት አድርጋ እንደገና ነገረቻት።

«ይቅርታ እኅቴ፣ ይህም የለም። አንድ ቁጥር ተሳስቶባችሁ ሊሆን ይችላል። ብታረጋግጡልኝ ልጠብቃችሁ እችላለሁ።»

ማሩ ተጠየቀ፤ ሁለት ናቸው። የአለነ ስምንት ለመሆናቸው መንደሩ ሁሉ ምስክር ነው። ውቢት አንዷን ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እያየች ነው። ዜሮውን ማንም አላነሣው።

ጥሩአየሁ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ልጆቿ ሦስት ናቸው። ሰው ሲጠይቃት ሦስት ትላለች፣ ባሏም ሦስት ይላል፣ የጤና ካርዱም ሦስት ይላል። ከሁለተኛውና ከሦስተኛዋ መካከል ግን አንዲት ሴት ልጅ ነበረች። ክርስትና ሳትነሣ፣ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ በወባ ሞተች። እንዲህ ላለች ሕፃን ድንኳን አይተከልም። እድር አይጠራም። ሴቶች ብቅ ብለው ምትክ ይስጥሽ ይሉና ይሄዳሉ፤ እናቲቱም ጡቷን አስራ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጥሩአየሁም እንዲሁ አደረገች። በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈው የወሰዷት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ በገዛ እጃቸው ቆፍረው የቀበሯት አባቷ ነበሩ። ተመልሰው እጃቸውን ታጠቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ስለሷ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ረስተዋት ነበር ብላ ታስብ ነበር።

አራት ልጅ ያለው ቤት በመንደሩ ሞልቷል። የጎንደሯ ልጅ «አራት» ስትላቸው በማንም ላይ ሊሰቅሉት ይችሉ ነበር።

«አራት በያት» አለች ጥሩአየሁ።

«የማን?»

«የእኔ።»

ስርጉት ግራ ገብቷት አየቻት፤ ግን አምስቱን እንዳለ ትታ ሦስቱን አራት አድርጋ ለልጅቷ ነገረቻት። ልጅቷ ቁጥሩን ስትጽፍ የጣቷ ድምፅ በስልኩ ተሰማ።

«አቶ ቢያድግልኝ መንግሥቴ?»

«አዎ» አሉ ሁለቱም ባንድ ድምፅ።

ልጅቷ ነፍስ ይማር አለች፤ ምን ምን ማስረጃ ይዘው ጎንደር ቢሮው እንደሚሄዱም ነገረቻቸው። ሙኽታር «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ለእማማ ሀብትነሽ ሊነግር ገባ። ስርጉት ስልኩን ዘጋች።

«እታለም፣ ሦስት አይደሉም እንዴ?»

ጥሩአየሁ ነገረቻት። ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ፣ በአጭሩ።

«መቼ ነው? እኔ የት ነበርሁ?»

«ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ። ፈተና ላይ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ለቅሶ አልነበራት። ምን ተብሎ ይነገራል?»

ስንት ቀን ሙሉ ከአባቷ የሆነ፣ የእሷ ብቻ የሆነ፣ ስርጉት የሌላት ነገር ስትመኝ ነበር። አሁን አገኘችው። ያሰበችውን ያህል አልጣፈጣትም፤ ብቻዋን ስትይዘው ከበዳት።

ስርጉት ተነሥታ ወጣች። ጥሩአየሁ ወደ እናታቸው የሄደች መሰላት። እሷ ግን ድንኳኑን ዞራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ለቀስተኛ በሚገባበት በኩል ተመልሳ መጣች። አገኘሽ ሽንኩርቷን አቆመች፤ የሐዘኑ ባለቤት እንደ እንግዳ በዚያ በኩል ሲገባ ማን አይቶ ያውቃል? ስርጉት ማንንም ሳታይ በሰዉ መሀል አልፋ እህቷ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እታለም» አለቻት። «ሳልሰማ ቀርቼ ነው።»

ጥሩአየሁ አሜን ልትል ፈለገች፤ እንባዋ ቀደማት። ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አለችላት።